መዝገብ አደራ ነው፤ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ስለ መሬትና ስለ እርሻ መዛግብት አጠባበቅ

ባላገር መሬቱን ሲያርስ በበሬው ጉልበት ይታመናል፤ ሹም አገር ሲያስተዳድር ግን የሚታመነው በመዝገቡ ነው። የሹም ዐይን ከደጁ አልፎ ሩቅ አያይም፤ ጆሮውም የሰማውን ሁሉ አይዝም፤ እጅግ ትጉህ የሆነ ሹም እንኳ በወረዳው ውስጥ ያለውን ማሳ፣ ያለውን ከብትና የሚሰበሰበውን እህል በልቡ ቆጥሮ ሊይዘው አይችልም። ስለዚህ መዝገብ ለሹም ሁለተኛ ዐይን ነው። ዐይን የታመመ እንደ ሆነ እግር ገደል ይገባል፤ መዝገብም የተሳሳተ እንደ ሆነ ፍርድ ይጣመማል፤ ግብር ይዛባል፤ ካሳ ለማይገባው ይከፈላል፤ በመሬቱ ላይ የደከመውም ሰው ባዶ እጁን ይቀራል።

ይህ ነገር በአገሪቱ ሁሉ እውነት ነው፤ ይልቁንም አዲስ አበባን በከበቡት ከተሞች፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ይበረታል። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታም ከእንጦጦ ተራራ ወዲያ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ሦስቱም ከዋና ከተማዋ አጠገብ በመሆናቸው ትናንት ጤፍና ስንዴ ይበቅልበት የነበረው ማሳ ዛሬ የፋብሪካ ግቢ ወይም የመኖሪያ ሰፈር ሲሆን ይታያል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ እነዚህ ከተሞች ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር በኦሮሚያ ክልል ሥር ሸገር ከተማ በሚል ስም በአንድ አስተዳደር ተጠቃለዋል። ከተማ ሲሰፋና አስተዳደር ሲለወጥ የቢሮው ስም በአንድ ቀን ይለወጣል፤ የመዝገቡ ነገር ግን በአንድ ቀን አይከናወንም። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሄድ ማን አስረከበ፣ ማን ተረከበ፣ ስንት ቅጠል ነበረ፣ ስንት ቅጠል ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ካልተገኘ፤ የብዙ ሺህ ቤተ ሰብ ኑሮ በመንገድ ላይ ይወድቃል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር በአጭሩ ሲነገር፤ መዝገብ የቢሮ ዕቃ አይደለም፤ አደራ ነው ማለት ነው። አደራ ደግሞ ስሙ የታወቀ ተቀባይ፣ የታወቀ መጠበቂያ ቦታና የታወቀ የመተሳሰቢያ ቀን ያስፈልገዋል። በመሥሪያ ቤት ሁሉ ውስጥ ለገንዘብ ገንዘብ ያዥ አለ፤ ለዕቃ ዕቃ ግምጃ ቤት አለ፤ ከገንዘብም ከዕቃም ለሚበልጠው ለመዝገብ ግን ብዙ ጊዜ ጌታ የለውም። ሁሉም ይጽፍበታል፤ ሁሉም ያነበዋል፤ የጠፋ ዕለት ግን የሚጠየቅ አይገኝም።

የቀድሞ ሰዎች የመዝገብን አደራነት አሳምረው ያውቁት ነበር። በጎንደር ዘመንና ከዚያም በኋላ የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ በታላላቆቹ አድባራት መጻሕፍት ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። በጽሑፉ ላይ የሰጪውና የተቀባዩ ስም ብቻ አይገኝም፤ በዚያ ጊዜ ሹመት ይዘው የነበሩት ሰዎች ስምና የእማኞቹ ስም ተዘርዝሮ ይጻፋል፤ የተጻፈውን የሚፍቅ ወይም የሚያፈርስ ሰው እንዲወገዝ ግዝት ይጨመርበታል። ይህን የሚያስተውል ሰው በጥቂት መስመር ውስጥ ሙሉ የመዝገብ ሥርዓት ተጠቃልሎ ያገኛል። የእማኞቹ ስም ነገሩ እውነት መሆኑን ያስረዳል፤ የሹማምንቱ ስም ጊዜውን ያስታውቃል፤ ግዝቱ ለዋጩን ይከለክላል፤ መጽሐፉ በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት መቀመጡም ጠባቂውን ያሳውቃል። ዛሬ ግዝቱን ሕግ ተክቶታል፤ የቀሩት ሦስቱ ግን ዛሬም እንደ ጥንቱ ያስፈልጋሉ።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን መሬት በቀላድ እየተለካ በጋሻ ተመደበ። ጋሻ በየአገሩ ቢለያይም ወደ 40 ሄክታር የሚጠጋ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች በተሾሙ ጊዜም የእርሻ ሚኒስቴር ከመጀመሪያዎቹ መሥሪያ ቤቶች አንዱ ነበር። ከዚያም በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፈለና ከአሥራቱ በቀር በአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር፣ በለም ጠፍ 10 ብር፣ በጠፍ 5 ብር እንዲከፈል አዘዘ። እዚህ ላይ የመዝገብ ኃይል ምን ያህል እንደ ሆነ ይታያል። ጸሐፊው በአንዱ መስመር ለም ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ ባለመሬቱ 15 ብር ይከፍላል፤ ጠፍ ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ 5 ብር ይከፍላል። በመሬቱ ላይ አንዳች ነገር ሳይለወጥ፤ ዝናሙም አፈሩም ያው ሆኖ ሳለ፤ አንድ ቃል ግብሩን ሦስት እጥፍ ያደርገዋል ወይም ወደ ሢሶው ያወርደዋል። ብዕር የያዘ ሰው ከቀላድ ጣዩ ይልቅ ጌታ መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ሲወጣ የባለርስትና የጭሰኛ ሥርዓት ቀረ። በሐምሌ ወር ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ በመንግሥት እጅ አደረገው። የርስቱ ሥርዓት ሲቀር የርስቱ መዝገብ ጥቅም አብሮ ቀረ፤ ማሳውም በገበሬ ማኅበር አማካይነት ተደለደለ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የገበሬው ይዞታ የሚታወቀው በጎረቤት ቃልና በግብር ደረሰኝ ነበር። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፤ ቀጥሎም በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች የገጠር መሬት እየተመዘገበ ለባለይዞታዎች ደብተር ተሰጠ። ይህ ምዝገባ ገበሬው ራሱ በቆመበት፣ ጎረቤት ድንበሩን እያሳየ፣ በገመድና በእርምጃ እየተለካ፣ በጥቂት ወጪ የተፈጸመ በመሆኑ በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ ተመስግኗል። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ የተባለው ደብተር መጣ፤ ይህ ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ የማሳውን ቅርጽ ለይቶ ካርታ የሚያሳይ ነው። መረጃውም በኮምፒዩተር እንዲያዝ ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር የመረጃ ሥርዓት ተዘጋጀ።

ይህ ሁሉ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን መዝገብን መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ የተጻፈውን መጠበቅ ሌላ ነገር ነው። ልጅ መውለድና ልጅ ማሳደግ አንድ እንዳልሆነ ሁሉ፤ በአንድ ዘመቻ ሚሊዮን ማሳ መመዝገብና የተመዘገበውን በየዓመቱ እያደሱ መያዝ አንድ አይደለም። አባት ይሞታል፤ ማሳው ለልጆች ይከፈላል፤ ባልና ሚስት ይለያያሉ፤ አንዱ ለሌላው ያከራያል። ይህ ሁሉ ወደ መዝገብ ካልመጣ፤ ደብተሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሞቱ ሰዎች ስም ዝርዝር ሆኖ ይቀራል። የሕይወት ያሉት ሰዎች ደግሞ በመዝገብ እንዳልተወለዱ ይቆጠራሉ። በዚህ ይልቁንም የሚጎዱት ባል የሞተባቸው ሴቶችና አባት የሞተባቸው ሕፃናት ናቸው፤ ስማቸው በመዝገብ የሌለ ሰዎች በሸንጎ ቆመው የሚናገሩት ቃል እንጂ የሚያሳዩት ማስረጃ የላቸውምና።

በከተማ ዳርቻ ላለ መሬት ሌላ ችግር ይጨመራል። የገጠር መሬት በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፤ ሕጉም ቀድሞ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456፣ ኋላም እርሱን የተካው የ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1324 ነው። የከተማ ይዞታ ግን በሌላ ሕግ መሠረት በሌላ መሥሪያ ቤትና በሌላ መዝገብ ይያዛል። በሰበታ ወይም በቡራዩ ዳር ያለች አንዲት ቀበሌ ወደ ከተማ የተከለለች እንደ ሆነ፤ የወረዳው ጸሐፊ ከእንግዲህ ወዲህ የእኔ አይደለችም ብሎ መዝገቡን ይዘጋል፤ የከተማው ጸሐፊ ደግሞ ገና አልተረከብሁም ብሎ መዝገቡን አይከፍትም። ገበሬው በሁለቱ መካከል ይቆማል። እንዲህ ያለው ክፍተት አንድ ወር የቆየ እንደ ሆነ የጽሕፈት ጉዳይ ነው፤ ሦስት ዓመት የቆየ እንደ ሆነ ግን የሐሰት ሰነድ የሚፈለፈልበት፣ ደላላ የሚከብርበትና ጎረቤት ከጎረቤቱ የሚጋደልበት ጉዳይ ይሆናል።

የመዝገብ ስሕተት በገበሬው ማጀት ምን እንደሚያደርስ በቍጥር ማየት ይጠቅማል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ ባለፉት 5 ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ 10 እጥፍ ካሳ እንዲከፈለው ያዝዝ ነበር። እርሱን የተካው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ምትክ መሬት ላላገኘ ገበሬ ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ገቢ ከፍተኛው ተመርጦ 15 እጥፍ እንዲከፈል ደነገገ፤ በኋላም ማሻሻያ ተደርጎበታል። አሁን ለምሳሌ ያህል አንድ ገበሬ ከማሳው በዓመት 40 ኩንታል ስንዴ ያገኛል እንበል፤ በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ግን 34 ኩንታል ተብሎ ተጽፏል። ልዩነቱ 6 ኩንታል ነውና ትንሽ ይመስላል። በ10 እጥፍ ሲታሰብ 60 ኩንታል ይሆናል፤ በ15 እጥፍ ሲታሰብ 90 ኩንታል ይሆናል። አንድ ጸሐፊ በቸልታ የጻፈው አኃዝ የአንድን ቤተ ሰብ የሁለት ዓመት ከሩብ ምርት ያህል ወሰደ ማለት ነው። ማሳው 2 ሄክታር ሲሆን 1 ሄክታር ተኩል ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነም ከገበሬው ድርሻ አራተኛው እጅ በብዕር ጫፍ ጠፋ።

ደግሞም በአማካይ የሚቆጠርበት ሕግና በከፍተኛው የሚቆጠርበት ሕግ ከመዝገብ ጠባቂው የሚፈልጉት ትጋት አንድ ዓይነት አይደለም። በአማካይ ሲቆጠር አንዱ ዓመት ቢሳሳት ሌሎቹ አራቱ በጥቂቱ ያቃኑታል። በከፍተኛው ሲቆጠር ግን ዝናሙ ያማረበት ያ አንዱ ዓመት ሳይጻፍ የቀረ እንደ ሆነ፤ ማባዛቱ ከዝቅተኛው ይጀምራል፤ የሚያቃናውም አይገኝም። ስለዚህ የእርሻ ጽሕፈት ቤት የምርቱን መዝገብ በየዓመቱ ሳያቋርጥ መያዝ አለበት፤ ካሳ በተጠየቀ ዕለት ቁጭ ብሎ ያለፈውን ዓመት በግምት መጻፍ መዝገብ መያዝ አይባልም፤ ልብ ወለድ መድረስ ነው።

በሱሉልታ ደግሞ የተለየ ነገር አለ። የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ክረምቱ ሲወጣ ሣሩ ታጭዶ የሚከመርበት፣ ለወተት ላሞች ድርቆሽ የሚገኝበት አገር ነው። ከዚህ ሜዳ ብዙው የወል ግጦሽ ሆኖ የኖረ ነው። የግል ማሳ ቢነካ ባለቤቱ ይጮኻል፤ የወል ግጦሽ ግን የሁሉም ስለ ሆነ የማንም አይደለም ተብሎ ከጫፍ ከጫፉ ሲቆረስ ጠያቂ የለውም። ድንበሩም በውሃ ስለሚሸፈን በየዓመቱ ይጠፋል። እንዲህ ያለው መሬት ከሁሉ አስቀድሞ ሊመዘገብ ይገባዋል፤ በመዝገቡም ላይ የተጠቃሚዎቹ መንደሮች ስም፣ የግጦሹ ወሰንና ሣሩ የሚታጨድበት ወራት ሊጻፍ ይገባል። የወል መሬት በመዝገብ ባዶ ቦታ ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ፤ ከመጻፉ ይልቅ አለመጻፉ በተሻለ ነበር። ባዶ የተባለ መሬት ወዲያው ፈላጊ ያገኛልና።

ስለ ከብት መዝገብም እንዲሁ ነው። በ1880 ዓ.ም. የገባው የከብት እልቂት በሬውን ጨርሶ ክፉ ቀን የተባለውን ረኃብ ማምጣቱን ታሪክ ያስረዳል። ይህ የከብት ደስታ የተባለ በሽታ በብዙ ዓመት የክትባትና የክትትል ሥራ ተገታ፤ ኢትዮጵያም በ2000 ዓ.ም. ከበሽታው ነጻ መሆኗ በዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ታወቀላት፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከምድር ፈጽሞ መጥፋቱ ለዓለም ታወጀ። ነጻ መሆን ግን በቃል አይታመንም። በየትኛው ወረዳ ምን ያህል ከብት ተመረመረ፣ ደሙ መቼ ተወሰደ፣ ውጤቱ ምን ሆነ ተብሎ ዓመት ከዓመት የተያዘ መዝገብ ይጠየቃል። በሰበታ የሚገኘው አገር አቀፍ የእንስሳት ጤና ምርመራ መሥሪያ ቤት ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣለትን ናሙና ይመረምራል። በጠርሙሱ ላይ የመጣበት ቀበሌ፣ ቀኑና የከብቱ ዕድሜ ያልተጻፈ ናሙና ግን ምርመራው ምንም ቢራቀቅ ተራ ደም ነው፤ በሽታው የት እንዳለ አይናገርም። የመርማሪው ሊቅነት የሚረባው የወረዳው ሐኪም አስቀድሞ በትክክል የጻፈ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

የቡራዩም ነገር ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ከቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ግድብ ለአዲስ አበባ ውሃ ይሰጣል። ውሃውን የሚያጠጣው መሥሪያ ቤት የአዲስ አበባ ነው፤ ውሃው የሚወርድበት ተዳፋትና ማሳ ግን በሌላ አስተዳደር ውስጥ ነው። በላይኛው ተዳፋት ስንት ማሳ ታረሰ፣ ስንት ደን ተመነጠረ፣ ስንት ቤት ተሠራ የሚለው መዝገብ በአንዱ እጅ ይገኛል፤ በግድቡ ውስጥ የሚከማቸው ደለል መዝገብ በሌላው እጅ ይገኛል። ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ካልተነበቡ የደለሉ ምክንያት አይታወቅም። ስለዚህ መዝገብን መጠበቅ ማለት ቈልፎ መደበቅ ማለት አይደለም፤ ለሚገባው ሰው፣ ለሚገባው ጉዳይ፣ በሚገባው ሥርዓት መስጠትም የጠባቂው ሥራ ነው። ዕቃ ቤት ጠባቂ ንፍገትም ሌብነትም አይፈቀድለትም።

የሌሎች አገሮች ልምድም ይህንኑ ያጸናል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1086 በንጉሥ ዊልያም ትእዛዝ የተጻፈው የመሬትና የከብት መዝገብ ከ900 ዓመት በላይ አልፎት እስከ ዛሬ በሎንዶን ተጠብቆ ይገኛል። በስዊድን አገር ከ1749 ጀምሮ የአጥቢያ ካህናት የተወለደውንና የሞተውን በአንድ ዓይነት ሠንጠረዥ እየጻፉ ወደ መንግሥት ይልኩ ነበር፤ ጥቅሙም የተገኘው ሁሉም በአንድ ዓይነት ሠንጠረዥ በመጻፋቸው ነው። በኢስቶኒያ አገር በአሁኑ ዘመን የመንግሥት መዝገብ በኮምፒዩተር ስለ ሆነ፤ ማንኛውም ዜጋ የእርሱን ገጽ የትኛው መሥሪያ ቤት መቼ እንዳየው ራሱ ገብቶ ለማየት ይችላል። የመጀመሪያው መዝገብ መጠበቅን፣ ሁለተኛው አንድነትን፣ ሦስተኛው ተጠያቂነትን ያስተምራሉ።

በኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። አዋጁ የሰው መረጃ ለታወቀ ጉዳይ ብቻ እንዲሰበሰብ፣ ትክክለኛ ሆኖ እንዲያዝ፣ ባለመረጃውም የተጻፈበትን ለማየትና ስሕተቱን ለማሳረም መብት እንዲኖረው ያዝዛል። ይህ ሕግ ለባንክና ለስልክ ኩባንያ ብቻ የወጣ የሚመስለው ሹም ቢኖር ተሳስቷል። የገበሬው ስም፣ የቤተ ሰቡ ቍጥር፣ የማሳው ስፋትና የሚቀበለው ካሳ የግል መረጃው ናቸው። ካሳ የሚከፈላቸው ሰዎች ስም ዝርዝር ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት በደላላ እጅ ከተገኘ፤ አታላዩ ከገበሬው ቀድሞ የገንዘቡን ልክ ያውቃል፤ ገበሬው ገና ሳይቀበል ገንዘቡ በመንገድ ላይ ይጠበቃል።

በዚህ ነገር ላይ ተቃውሞ የሚያቀርቡ ሰዎች አይታጡም። አንደኞቹ ኮምፒዩተር ስለ ገባ መዝገብ ጠባቂ አያስፈልግም ይላሉ። ኮምፒዩተር ግን የሰጡትን ይይዛል እንጂ እውነቱን ከሐሰቱ አይለይም፤ የተሳሳተ ነገር የሰጡት እንደ ሆነ ስሕተቱን በአንድ ጊዜ በብዙ ቦታ ያሰፋዋል። ከዚህም በቀር የብራና ጽሑፍ የተፋቀ እንደ ሆነ ጠባሳው ይታያል፤ በኮምፒዩተር የተለወጠ አኃዝ ግን ማን እንደ ለወጠው ካልተመዘገበ ጠባሳ እንኳ የለውም። ስለዚህ ኮምፒዩተር የገባበት ቤት ከቀድሞው ይልቅ ጠባቂ ያስፈልገዋል።

ሁለተኞቹ ሠራተኛ የለም፣ ገንዘብም የለም ይላሉ። ይህ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን የጠፋን መዝገብ እንደ ገና ለመሥራት የሚወጣው ገንዘብ፣ ለክርክር የሚባክነው ቀንና ለሁለት ሰው የተከፈለው አንድ ካሳ ተደምሮ ቢታይ፤ ለአንድ ታማኝ ጸሐፊ ከሚከፈለው ደመወዝ እጅግ ይበልጣል። ደግሞም ለጠባቂው ሥራ ከሁሉ የሚፈለገው ወርቅ አይደለም፤ ሥርዓት ነው። ሦስተኞቹም መዝገቡን ለሕዝብ ማሳየት ነገር ያበዛል፤ ያልተጣላውን ያጣላል ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ቁስል ካልታየ ይድናል ብለው ያስባሉ። የድንበር ክርክር ዛሬ ቢነሣ ድንበሩን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ስላሉ በአንድ ቀን በዛፍ ጥላ ሥር ይፈጸማል፤ ሽማግሌዎቹ ከሞቱ በኋላ የተነሣ እንደ ሆነ ግን ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ይዞራል። እርቅ በጊዜው ርካሽ ነው፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን ዋጋው ይወደዳል።

እንግዲህ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፤ እነርሱንም በሚመስሉ ከተሞች ዙሪያ ሁሉ ሊደረግ የሚገባው ይህ ነው።

1ኛ፤ ለእያንዳንዱ መዝገብ፣ ለመሬቱም፣ ለምርቱም፣ ለከብቱም፣ አንድ ጠባቂ በስሙ ይሾም፤ ስሙም በመዝገቡ ፊት ገጽ ላይ ይጻፍ። የሚጽፈው ሌላ፣ የሚያጸድቀው ሌላ፣ የሚጠብቀው ሌላ ሰው ይሁን። በቀድሞ ዘመን ወርቁን የሚያዝዘውና ቁልፉን የሚይዘው በጅሮንድ አንድ ሰው እንዳልነበሩ ሁሉ፤ በመዝገብም ያዛዡና የጠባቂው ሥራ ይለይ።

2ኛ፤ የተጻፈ ነገር አይፋቅ። ስሕተት የተገኘ እንደ ሆነ የፊተኛው እንዲነበብ ሆኖ ይሰረዝ፤ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፍ፤ ያረመው ሰው ስም፣ ቀኑና ምክንያቱ ይታከልበት። በኮምፒዩተርም ይኸው ሥርዓት ይጠበቅ፤ ሁለት ሠራተኞች በአንድ ስም ገብተው እንዳይሠሩ ይከልከል።

3ኛ፤ ሹም ሲለወጥ ወይም ቀበሌ ከወረዳ ወደ ከተማ ሲከለል፤ መዝገቡ ቅጠል በቅጠል ተቈጥሮ በእማኝ ፊት ይተላለፍ። ተረካቢው እስኪፈርም ድረስ አስረካቢው ከኃላፊነት አይወጣ። በዚህ ዓይነት በሁለቱ መዝገቦች መካከል ጌታ የሌለው ቀን አይገኝም።

4ኛ፤ በየዓመቱ መኸር ከተሰበሰበ በኋላ፤ ገበሬው ጊዜ በሚያገኝበት ወራት፤ የየቀበሌው መዝገብ በሕዝብ ፊት ይነበብ። ሁሉም የየራሱን ገጽ ሰምቶ ይመን ወይም ይቃወም። የሞተው ይሰረዝ፤ ወራሹ ይጻፍ፤ የሚስትም ስም ከባልዋ ስም ጎን መኖሩ ይመርመር። የካሳ ገንዘብና የቤተ ሰብ ምሥጢር ግን በአደባባይ አይነበብም፤ ለባለቤቱ ለብቻው ይነገረዋል።

5ኛ፤ የመዝገቡ ሁለተኛ ግልባጭ በሌላ ቤት ይቀመጥ። በአንድ ጣራ ሥር ያሉ ሁለት ግልባጮች በአንድ እሳት ይቃጠላሉ።

6ኛ፤ መዝገቡን ለማየት የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ሁሉ ለምን ጉዳይ እንደሚፈልገው በጽሑፍ ይግለጽ፤ የታየበትም ቀን ይመዝገብ። ለአንድ ጉዳይ የተሰጠው መረጃ ለሌላ ጉዳይ አይዋል።

እነዚህ ስድስት ነገሮች ጥልቅ ጥበብ የሚጠይቁ አይደሉም። ከጎንደር አድባራት ጀምሮ ሰዎች በብዕርና በብራና ሲያደርጓቸው የኖሩ ናቸው። የጎደለው ዕውቀት አይደለም፤ የሚጠየቅ ሰው መኖሩ ነው።

አስተዳዳሪ የሆኑ ሰዎች በሚጎበኙት ጽሕፈት ቤት ሁሉ ስለ መንገዱና ስለ ድልድዩ ከመጠየቃቸው በፊት መዝገቡን ያስቀርቡ፤ ጠባቂው ማን እንደ ሆነም ይጠይቁ። የመሬት ባለይዞታዎችም ደብተራቸውን በሣጥን ቈልፈው ማስቀመጥ ብቻ አይበቃቸውም፤ በሣጥናቸው ያለውና በጽሕፈት ቤቱ ያለው አንድ መሆኑን በየዓመቱ ሄደው ያረጋግጡ። ደብተሩ ጥላ ነው፤ አካሉ በመዝገብ ቤት ያለው ጽሑፍ ነውና። የወረዳ ሹማምንት ደግሞ ይህን በልባቸው ያኑሩ፤ ዘንድሮ በአንድ መስመር የሚጽፉት ነገር እነርሱ ከሹመታቸው ከወረዱ በኋላ፤ ገበሬውም ማሳውን ከለቀቀ በኋላ፤ በልጆቹ ዘመን ይነበባል። በከተማ ዳር ያለ ማሳ አንድ ጊዜ ከታረሰበት እጅ ከወጣ ዳግመኛ አይታረስም፤ ከእርሱ ለቤተ ሰቡ የሚተርፈው በመዝገብ ላይ የተጻፈው አኃዝ ብቻ ነው። ያ አኃዝ እውነተኛ ይሆን ዘንድ መጠንቀቅ ለገበሬው የሚደረግ ቸርነት አይደለም፤ የተቀበሉትን አደራ መመለስ ነው።